«ቅርፊቱን ቆርጬ ዝም ልበል?»

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ እከታተላለሁ፤ ስጽፍ ግን የመጀመሪያዬ ነው። የምኖረው እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል ከተማ ነው። ከመጣሁ 9 ዓመት ሆነኝ። የምሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ቤቷ ጠራችን። ያቀረበችው አራት ዓይነት ቼዳር ቺዝና ፖርት የሚባለውን ጣፋጭ ወይን ብቻ ነበር። እስከዚያ ቀን ቼዳር ማለት ለእኔ ሳንድዊች ውስጥ የሚገባ ቢጫ ነገር ነው። ያን ማታ ግን እያንዳንዱን እየቀመስን፣ ስለ እያንዳንዱ እያወራን አራት ሰዓት ሳናውቀው አለፈ። ብዙ ዓመት ስኖር እንግሊዞች ቤት እንግድነት ያልተሰማኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቼዳር መንደር ድረስ ሄጄ ዋሻውን ሁሉ አይቻለሁ።

አሁን እኔም በተራዬ እንዲህ ያለ ምሽት ማዘጋጀት አማረኝ። ከእኔ ጋር 8 ሰው ነን። ሦስቱ የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው። ሌሎቹ አብሮ አደግ ጓደኛዬ፣ ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው ባልና ሚስት (ሚስትየዋ ጾም አጥባቂ ናት)፣ እና ሙስሊም ጎረቤቴ፣ የደሴ ልጅ ናቸው። ቀኑን የፈረንጆቹ ገና ሰሞን አስቤዋለሁ፤ ፖርትና ቺዝ በዚያ ሰሞን ነው የሚያምረው ስላሉኝ።

ሐሳቤን ለአብሮ አደጌ ስነግራት ሰው ፊት ሳቀችብኝ። «ሰው ጠርተሽ ቁራጭ ፎርማጆ ልታስቀምሺ ነው? ሰው የሚጠራው አብልቶ ለማጥገብ ነው እንጂ! አንቺ ልጅ በቃ ፈረንጅ ሆነሻል» አለችኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ግን አለቀስኩ። ከዚህ አገር ሰው ሁሉ የምትቀርበኝ እሷ ናት። ድሮ እሑድ እሑድ ቡና አብረን ነበር የምንጠጣው። ፈረቃዬ ከተቀየረ ወዲህ ግን ብዙም አንገናኝም።

ሌላም አለ። ከአንድ ሱቅ በጨርቅ የተጠቀለለ የድሮ አሠራር ቼዳር አዝዣለሁ። ሻጩ ጨርቁ የሚለጠፈው በአሳማ ስብ መሆኑን በጨዋታ መሐል ነገረኝ። ደነገጥኩ። ግን እኮ ስቡ ያለው ላይኛው ቅርፊት ላይ ነው። ቅርፊቱን ቆርጬ ባቀርበው ማን ያውቃል? ብናገር ምሽቱ ይበላሽብኛል። ዝም ብል ደግሞ ውስጤ እሺ አይለኝም። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባት፣ ከብሪስቶል

—

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፣ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ እዚያ ላይ ያርፋል። ቅርፊቱን ቆርጠሽ ዝም አትበዪ።

«ስቡ እኮ ላይኛው ላይ ብቻ ነው» ያልሽው እውነት ነው። ቺዙ ራሱ ወተት ነው። ስቡ ጨርቁን ከቺዙ ጋር ያጣብቀዋል፤ ቺዙም ዓመትና ከዚያ በላይ ሲቀመጥ ሳይደርቅ እንዲተነፍስ ያደርጋል። ቅርፊቱ ከተነሳ የሚቀረው ስብ ቢኖር እንኳ በጣም ጥቂት ነው። ግን ጥያቄው የመጠን አይደለም። ጎረቤትሽም ሆነች ያቺ የምትጾመው ሴት፣ ይህን ለመብላት ወይም ለመተው የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ለምሳሌ ጎረቤትሽ «ቅርፊቱ ከተነሳ ችግር የለውም» ትል ይሆናል፤ «በጭራሽ» ልትልም ትችላለች። ሁለቱም መልስ የእሷ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እነዚህ ጓደኞችሽ እንግሊዞች ቤት ሲጋበዙ ምን ያደርጋሉ? «አሳማ አለበት ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ አይደል? አንቺ ቤት ግን አይጠይቁም። ያቀረብሽውን ዝም ብለው ይጎርሳሉ። የአንቺ ቤት ከሌላው የሚለየው በዚህ ነው። በስደት አገር እንዲህ ያለ ቤት ስንት እንዳለ አንቺም ታውቂዋለሽ። ይህን ለአንድ ቁራጭ ቼዳር አሳልፈሽ አትስጪው። ደግሞ ሻጩ ለአንቺ በጨዋታ እንደነገረሽ፣ ከባልደረቦችሽ አንዷ ያን ማታ ገበታው ላይ በጨዋታ ልታነሳው ትችላለች። እንግሊዞቹ ዘንድ ተራ ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ። አንደኛው ያን ቼዳር በተለየ ሳህን፣ በተለየ ቢላዋ ማቅረብና ምን እንደሆነ ለሁሉም አስቀድሞ መናገር ነው። ሁለተኛው ለዚህ ምሽት መተው ነው። እኔ ሁለተኛውን እመርጥልሻለሁ። መጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው «ይሄን ብላ፣ ያንን ተጠንቀቅ» የሚባልበት ገበታ አይመችም። ያን ምርጥ ቼዳር ሌላ ቀን ከባልደረቦችሽ ጋር ብዪው። አይጠፋም፤ የትም አይሄድም።

እግረ መንገዴን ሻጩ ያልነገረሽን ነገር ልጨምር። ወተቱ የሚረጋው ሬኔት በሚባል ነገር ነው። በድሮው አሠራር ሬኔት የሚገኘው ከጥጃ ጨጓራ ነው፤ ዛሬም ብዙ ባህላዊ ቼዳር ሰሪዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። ለጎረቤትሽ የጥጃው አስተራረድ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። እንግሊዝ አገር ብዙ ቺዝ ላይ «ለቬጂቴሪያን ይሆናል» የሚል ምልክት አለ። ያ ምልክት ካለበት ሬኔቱ ከእንስሳ አይደለም፣ የአሳማ ስብም የለበትም። በአንድ ምልክት ሁለቱን ጭንቀት ትገላገያለሽ። በላስቲክ ታሽገው ከሚበስሉት ቼዳሮች መሐል እንዲህ ያሉ ብዙ አሉ፤ ለዓመትና ከዚያ በላይ የቆዩ፣ ሲነከሱ ኮሽ የሚል ጨው የመሰለ ነገር የቋጠሩ ጥሩ ጥሩዎች ታገኛለሽ። ያ ኮሽ የሚለው ጨው እንዳልሆነ ለእንግዶችሽ ንገሪያቸው። ቺዙ ሲያረጅ የሚፈጠር ክሪስታል ነው። የተበላሸ መስሎት የሚተፋ ሰው አይጠፋም።

አሁን ወደ ጓደኛሽ።

«ፈረንጅ ሆነሻል» የሚለው ቃል ያማል። ሰው ፊት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ማልቀስሽ አልገረመኝም። ግን በደብዳቤሽ መሐል ሳታስቢው ያስቀመጥሻት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። እሑድ እሑድ አብራችሁ ቡና ትጠጡ ነበር፤ አሁን ግን አትገናኙም። እሷ በዚህ ወር ውስጥ ከአንቺ የሰማችው ምንድን ነው? ስለ ቡናችሁ ነው ወይስ ስለ ባልደረቦችሽ ቤት፣ ስለ ቼዳር መንደር፣ ስለ ዋሻው? ምናልባት የሳቀችው በፎርማጆው ላይ አይሆንም። ምናልባት «እኔን ረሳሽኝ» ማለት ከብዷት ይሆናል። እርግጠኛ ልሆን አልችልም፣ እሷን አላውቃትም። አንቺ ግን ታውቂያታለሽ። ድምፅዋን መልሰሽ አስቢው፤ ንቀት ነበረበት ወይስ ቅሬታ?

ያለችው ነገር ደግሞ ሙሉ በሙሉ ባዶ አይደለም። እኛ ዘንድ እንግዳ ተጠርቶ ሳይጠግብ አይሄድም። «ብሉ እንጂ፣ በሞቴ» ብለን ካላስጨነቅን የጋበዝን አይመስለንም። ቅምሻ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ትንሽ በትንሽ፣ ቀስ ብሎ፣ እያወሩ። ሰዎችሽ «ራት ግብዣ» ብለው ባዶ ሆዳቸውን መጥተው አራት ቁራጭ ቺዝ ቢያገኙ ቅር ቢላቸው አይፈረድባቸውም። ስለዚህ ስትጠሪያቸው በግልጽ ንገሪያቸው፤ «መጀመሪያ ቅምሻ አለ፣ ከዚያ ራት እንበላለን» በያቸው። ወጥ መሥራትሽ ለጓደኛሽ ትችት መሸነፍ አይደለም። የአንቺም ቤት ነው፤ በአንቺ ቤት ደንብ ይሁን። ባልደረባሽ በራሷ ወግ ተቀበለችሽ፣ አንቺም የእሷን ወግ ከራስሽ ጋር አድርገሽ ትመልሻለሽ።

ራቱ ምን ይሁን ካልሽኝ ዶሮ ወጥ አትሥሪ እልሻለሁ። ምክንያቱን ታውቂዋለሽ፤ የሥጋው ነገር ጎረቤትሽንና የቤተ ክርስቲያን ወዳጆችሽን አንድ መሶብ ላይ አያገናኝም። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ ቲማቲም በቃሪያ ይበቃል። ሁሉም ይበላዋል፣ ባልደረቦችሽም ይወዱታል። ከቅምሻው በኋላ ግን ይሁን። በርበሬ ምላስ ላይ ካረፈ የቼዳርን ጣዕም መለየት አይቻልም።

ቀኑን በተመለከተ ገና ሰሞን የሚለውን ተዪው። የፈረንጆቹ ገና የሚውለው በነቢያት ጾም መሐል ነው። ያቺ ሴት ከኅዳር 15 ጀምራ እስከ ገና ዋዜማ ትጾማለች። መጥታ ቁጭ ብላ የሌላውን አፍ ማየት የለባትም። «ከታኅሣሥ 29 በኋላ ላድርገው» ብትዪ ደግሞ ጃንዋሪ ነው፤ ብዙ እንግሊዞች በዚያ ወር መጠጥ ይተዋሉ። ባልደረቦችሽ እንደዚያ ከሆኑ ፖርቱን ማን ይጠጣዋል? ጥሩው ጊዜ አሁን ነው። የጽጌ ጾም የፈቃድ ቢሆንም እሷ ትጾመው ይሆናል፤ ያም ኅዳር 5 ያልቃል። እንግዲህ ከኅዳር 6 እስከ ኅዳር 14 ባለው ውስጥ ያለውን ቅዳሜ ያዢ። ቅዳሜ መሆኑ ዓርብና ረቡዕንም ያስቀርልሻል። ለመዘጋጀት ጊዜው አጭር ነው፤ ግን ብዙ ሥራ የለውም።

ጎረቤትሽን ለብቻዋ አነጋግሪያት። ፖርት እንደማትጠጣ የታወቀ ነው። ጥያቄው መጠጥ ያለበት ገበታ ላይ መቀመጥ ይመቻታል ወይ ነው። አንዳንዱ ግድ የለውም፣ አንዳንዱ ፈጽሞ አይቀመጥም። «ስመጣ አየዋለሁ» እንድትል አታድርጊያት፤ በስልክ፣ ቀድመሽ፣ ተረጋግተሽ ጠይቂያት። የማይመቻት ከሆነ ለራት ሰዓት ትምጣ፣ ያኔ ጠርሙሱ ከገበታው ይነሳል። ከመጣች ደግሞ በቧንቧ ውኃ እንዳታስቀምጫት። ብርዝ አዘጋጂላት። ማር በውኃ በጥብጠሽ፣ ሳይፈላ፣ ቀዝቀዝ አድርገሽ። ማርና የቆየ ቼዳር እንዴት እንደሚስማሙ ስትቀምሺው ይገባሻል። እኔ እንዲያውም ከፖርቱ ይልቅ ብርዙን የሚመርጡ እንግዶች ይኖሩሻል ባይ ነኝ።

ስለ ዝግጅቱ ብዙ አልልሽም፣ ጥቂት ነገር ግን ይጠቅምሻል። ሦስት ዓይነት ቼዳር ይበቃል። አንዱ ለጋና ለስላሳ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ ዓመት ከመንፈቅ ያለፈው። ለአንድ ሰው ከእያንዳንዱ 30 ግራም ያህል ብትይዢ ለስምንታችሁ ከሦስቱም 700 ግራም ገደማ ነው። ቢተርፍ በወረቀት ጠቅልለሽ አስቀምጪው። ከማቅረብሽ አንድ ሰዓት ቀደም ብለሽ ከፍሪጅ አውጪው፤ ቀዝቃዛ ቼዳር ጣዕሙን አይሰጥም። ከለጋው ጀምራችሁ ወደ ኃይለኛው ሂዱ። አጠገቡ ዳቦ፣ የተቆረጠ ፖም፣ ለውዝና ብዙ ውኃ ይኑር። ከእንግዶችሽ መሐል ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው ካለ የቆየ ቼዳር ብዙም አያስቸግረውም፤ የወተቱ ስኳር አብዛኛው ከአጓቱ ጋር ወጥቷል፣ የቀረው ሲበስል አልቋል።

ፖርቱን ከሁለት ዓይነት አትለፊ። ቶኒ የሚባለው በርሜል ውስጥ ለዓመታት ቆይቶ ቀለሙ ወደ ቡኒ የሄደ ነው፤ ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ከቆየ ቼዳር ጋር እንደ ወንድማማች ናቸው። 10 ዓመት የሚል የተጻፈበት ይበቃል። ሌላው ሩቢ ነው፤ ቀይ፣ ፍሬ ፍሬ የሚል። ስድስት ጠጪ ካላችሁ ከየዓይነቱ አንድ አንድ ጠርሙስ በቂ ነው፣ ይተርፋልም። በትንሽ ብርጭቆ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ ቅጂ። ይህን አጥብቄ የምነግርሽ በምክንያት ነው። ፖርት የሚሠራው ፖርቱጋል ውስጥ፣ ዶውሮ ሸለቆ ነው። ወይኑ መፍላት ከጀመረ በኋላ ጠንካራ የወይን አረቄ ይጨመርበትና መፍላቱ ይቆማል፤ ስኳሩ ሳያልቅ ይቀራል፣ አልኮሉ ግን 20 በመቶ አካባቢ ይሆናል። አክሱሚት የለመደ ሰው ጣፋጭነቱን ቀምሶ የዋህ መጠጥ ይመስለዋል። ተነሥቶ ሲቆም ነው የሚያውቀው። መኪና ይዞ የሚመጣ ካለ አስቀድመሽ ንገሪው።

ስታስቀምሺ ደግሞ አስተማሪ መሆን አይጠበቅብሽም። አንድ ታሪክ ብቻ ንገሪያቸው። እኛ አይብ የምናወጣው አሬራውን እሳት ላይ ጥደን፣ አጓቱን አጥልለን፣ በዚያው ሰሞን ለመብላት ነው። ቼዳር መንደር የሚገኝበት የሶመርሴት አውራጃ ገበሬዎች ደግሞ የረጋውን ወተት እንደ ጡብ ቆራርጠው፣ አንዱን በአንዱ ላይ ደራርበው፣ እያገላበጡ አጓቱን ያስወጡታል። «ቼዳሪንግ» የሚሉት ይህንን ነው፤ ስሙ አንቺ ከሄድሽበት መንደር የመጣ ነው። ከዚያ ፈጭተው፣ ጨው ጨምረው፣ ተጭነው፣ ለወራት ያስቀምጡታል። ያየሽው ዋሻ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ ስለሆነ ድሮ ቺዝ ማብሰያ ነበር፤ ዛሬም እዚያ የሚያበስሉ አሉ። ለባልደረቦችሽ አይብ በጎመን አቅምሻቸው፣ ለእኛዎቹ ቼዳሩን። ወተቱ አንድ ሆኖ መንገዱ እንዴት እንደተለያየ ሁሉም በምላሱ ያገኘዋል። ከዚያ ጠይቂያቸው፤ «ይሄ ምን አስታወሳችሁ?» አንዱ የእናቱን ጓዳ፣ አንዱ ቅቤ ቅል፣ አንዱ የትምህርት ቤት ምሳውን ያነሳል። ጨዋታው ከዚያ ይመጣል። ባልደረባሽ ቤት ያን ማታ የሆነው ይኸው ነው አይደል?

የአይቡን ሥራ ለጓደኛሽ ብትሰጫትስ? አይብ ማውጣት ከእሷ የሚሻል ሰው ብሪስቶል ውስጥ አለሽ? ከእንግድነት ወደ ባለቤትነት ትመጣለች። ከቼዳሩ አጠገብ የእሷ አይብ ሲቀመጥ «ፈረንጅ ሆነሻል» የሚለው ነገር ቦታ አይኖረውም። ግን ይህን ከመጠየቅሽ በፊት ያለፈውን ተነጋገሩ። ሳትቆጪ፣ ሳትስቂም። «ያን ቀን ሰው ፊት ስትስቂብኝ ከፋኝ፤ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ» በያት። እንዲሁ አጭር። ከዚያ ዝም በዪና ስሚያት። መልሷ ስለ ፎርማጆ ላይሆን ይችላል፣ ስለ እሑዱ ቡና ሊሆን ይችላል። ከሆነ በአዲሱ ፈረቃሽ የሚመች ሌላ ቀን ፈልጉ፤ ሁለት ሳምንት አንዴም ቢሆን።

ነገ ጠዋት ሱቁ ደውዪና ትእዛዝሽን ቀይሪ፤ አይቀየርም ካሉሽ ለባልደረቦችሽ አስቀምጪው። ከዚያ ለጎረቤትሽ ደውዪ። ለአብሮ አደጌ ላልሻት ግን አትደውዪላት። ቡና ቁዪና ይዘሽ ቤቷ ሂጂ።